ከጀበና ቡና ቤት የተፈጨ ቡና ስትገዙ አደራ፣ በተለይ ደሴ ያላችሁ

ደሴዎች እስቲ ይችን አንብቡልኝ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ ያላችሁም ብታነቡት ጥሩ ነው ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ሲወጣ ነው ለቤቱ ሚሸምተው።

ሰፈራችን አዲስ ጀበና ቡና ከተከፈተ ሁለት ወር ቢሆነው ነው። ወደድኩት፣ ውሸት የለውም። ልጅቷ ፊታችሁ ትቆላለች፣ ጭሱን ይዛ ትዞራለች፣ ጤና አዳም ካላችኋት እርጥቡን ቀንጥሳ ነው ምትሰጣችሁ፣ እና በዚ በጦሳ ተራራ ብርድ ጠዋት ከስራ በፊት እዛ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ከጎረቤት ጋር እያወራሁ ሁለት ሲኒ ካልጠጣሁ ቀኑ አይጀመርልኝም ነበር፣ ለስንቱ ሰው "ሂዱ ጠጡ" እንዳልኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም። አሁን ምጽፈውም ለዛ ነው፣ እኔን አምኖ የሄደ ሰው ስላለ።

ነገሩ እንዲ ነው። ቤቱ ውስጥ መደርደሪያ ላይ በፓኬት የታሸገ የተፈጨ ቡና ይሸጣሉ። "ያው ምትጠጪው ቡና ነው፣ እዚሁ ቆልተን እዚሁ ነው ምንፈጨው፣ ኮረሪማም ገብቶበታል" አለኝ ሻጩ ሰውዬ። ዋጋው ገበያ ላይ ካለው ጥሬ ቡና እምብዛም አይበልጥም። አክስቴ ኩታበር ዱዓ ነበራትና ጥሬ ገዝቼ ለመልቀም ለመቁላት ጊዜ ስላጣሁ አንድ ኪሎ ይዤላት ሄድኩ።

ወሎ ላይ የዱዓ ቡና ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም። እጣኑ ጨሶ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሸሁ ዱዓ እያደረጉ ሰው አሚን እያለ፣ አቦሉ ሲቀዳ ከጀበናው አልወርድ አለ። ወፍራም ነው፣ አጥሚት ነው ሚመስለው። ጣዕሙ ያረረ ቆሎ፣ ከላዩ ኮረሪማ ብቻ። ሰው ዱዓ ላይ ነውና ማንም ምንም አላለም፣ ዝም ብሎ ፉት አለ፣ አክስቴ ግን ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። ቶናው ውሃ ሆነ፣ ለበረካ ጭራሽ ሚሆን አልተገኘም፣ አንዷ ጎረቤት ሮጣ ከቤቷ ቡና አምጥታ እንደገና ተቆልቶ ተወቀጠ። ልሄድ ስል ሸሁ ጠርተውኝ "ልጄ፣ ይሄ ገብስ አለበት፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም አብሽሪ" አሉኝ። ወላሂ አንጀቴ ነው ያረረው። በዱዓ ቡና!

ቤት ስመለስ የተረፈውን ሞከርኩት፣ እናንተም ሞክሩት ቀላል ነው። ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ቁንጥር ዱቄት ጣል አርጉና ሳታማስሉ እዩት። ንጹህ ቡና ቅባት ስላለው ብዙው ላዩ ላይ ይቀራል፣ ውሃውንም ቶሎ አያጠቁረውም፣ የተቆላ ገብስ ወይ ሽምብራ ካለበት ግን እሱ ቶሎ ይሰምጣል፣ እየወረደም ውሃውን ያቀልመዋል። በጣም የላመ ቡናም ትንሽ ትንሽ ሊሰምጥ ይችላል፣ ስለዚ እቤት ወቅጣችሁ ከምታውቁት ቡና ጋር ሁለት ብርጭቆ ጎን ለጎን አስቀምጡ። የኔ የወቀጥኩት ላዩ ላይ ቀረ፣ የፓኬቱ ግን ከግማሽ በላይ ወረደ። አተላውንም እዩ፣ የቡና አተላ እንደ አሸዋ ነው ሚሆነው፣ እህል ያለበት ግን ያብጥና እንደ ሊጥ ይያያዛል።

ከሁሉም ያናደደኝ ደሞ ዋጋው ራሱ ሊነግረኝ ይችል ነበር። 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ እርጥበቱ ስለሚወጣ ከ800 እስከ 850 ግራም ገደማ ነው ሚቀረው። ታዲያ ከሰሉን ችሎ፣ ማስፈጫውን ችሎ፣ ፓኬቱን ችሎ አንድ ኪሎ ሙሉ ዱቄት በጥሬው ዋጋ ሚሸጥ ሰው የጎደለውን በምን ሞላው? ኮረሪማውም እኮ ሽታ ለመሸፈን ነው፣ ቡና ውስጥ ኮረሪማ ሲገባ እኔም እወዳለሁ ግን ራሴ ሳስገባው ነው።

ፓኬቱን ይዤ ወደ ቡና ቤቱ ተመለስኩ። "ተፈጭቶ ነው ሚመጣልን፣ እኛ ውስጡን አናውቅም" አሉኝ። እዚሁ ነው ምንፈጨው ያለኝ ያው ሰውዬ ነው! ደረሰኝ አምጪ ሲለኝ ደሞ ስገዛ አልሰጡኝም ነበር፣ እኔም ሰፈሬ ነው ብዬ አልጠየቅኩም ነበር። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ መስጠት ግዴታው ነው፣ እና ለአንድ ፓኬት ቡናም ቢሆን ሳትቀበሉ አትውጡ።

ልጅቷን ግን አደራ እንዳትናገሯት፣ ምትቆላው ንጹህ ቡና ነው፣ መደርደሪያው ላይ ያለው የሷ አይደለም። እኔ ካሁን በኋላ ጥሬውን ሰኞ ገበያ ገዝቼ ራሴ እቆላለሁ፣ ሚደክመው ሰው ደሞ የተቆላ ፍሬ ገዝቶ ማሽኑ ጋ ቆሞ ያስፈጭ፣ ፍሬ ላይ ገብስ ከገባ በአይን ይታያል።

ፓኬቱን ከነዱቄቱ አስቀምጬዋለሁ፣ ሰኞ ለከተማው ንግድ ጽህፈት ቤት ይዤው እሄዳለሁ። እንዲ አይነት ፓኬት ገዝታችሁ ውሃ ላይ የሰመጠባችሁ ካላችሁ አትጣሉት፣ ጻፉልኝና አብረን እንሂድ።