ቀጭኑ ጠብታ ወይስ ወፍራሙ ጄል?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ክረምቱ ወጥቶ ነፋሱ ሲደርቅ፣ ከመናኸሪያ ቤቴ እስክደርስ ዓይኔ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረኛል። መሳቢያዬ ውስጥ ሁለት ዓይነት የዓይን ማለስለሻ አለ።

ቀጭኑ ጠብታ ውሃ ነው የሚመስለው። ጠብ ሲል ያረካል፤ ሁለት ሦስቴ ዓይኔን ሳርገበግብ ብዥታው ይጠፋል። ችግሩ ቶሎ ያልቃል። እንባ ውሃ ብቻ አይደለማ! ከላዩ ስስ ቅባት አለው፤ ውሃው ቶሎ እንዳይተን የሚይዘው እሱ ነው። ቅባቱ ከሳሳ፣ የጨመራችሁትንም ነፋሱ ይወስደዋል። ደግሞ ብዙዎቹ ጠርሙሶች ውስጥ ጀርም እንዳያድግ የሚጨመር ኬሚካል አለ፤ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ይባላል። በቀን ከ4 ጊዜ በላይ ሲደጋገም እሱ ራሱ ዓይንን ሊያስቆጣ ይችላል። አዘውትራችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ኬሚካሉ የሌለበትን ጠይቁ፤ ዋጋው ግን ወደድ ይላል።

ጄሉ ዓይን ላይ ይቆያል፣ እይታ ግን ያደበዝዛል። አንዴ እሱን አድርጌ ሻይ ስቀዳ ግማሹን ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩት። ከዚያ ወዲህ ቀን ጠብታ፣ ማታ ልተኛ ስል ጄል። ዓይን ካመመ ወይም ብርሃን መቋቋም ካቃተው ግን ሁለቱንም ትቶ ሐኪም ጋ ነው።