ቃለ መጠይቅ ወይስ ክትትል?

የሽሮ ሜዳን ሸማኔ ሕይወት በአሥር ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ለማሳየት ሁለት መንገድ አለ፤ አስቀምጦ መጠየቅ፣ ወይም ካሜራ ይዞ ሥራውን መከታተል።

ቃለ መጠይቅ ፈጣን ነው። ከጋሞ ደጋ እንዴት እንደመጣ፣ ሙያውን ከማን እንደተማረ በራሱ አንደበት ይነግረናል። በጀት ለሌለው ፊልም ሠሪ አንድ ከሰዓት ይበቃዋል። ችግሩ፣ ሰው ካሜራ ፊት ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ ለእንግዳ የሚነገረውን ብቻ ይናገራል።

በክትትል ግን እግሮቹ ጉድጓዱ ውስጥ መርገጫውን ሲያፈራርቁ፣ መወርወሪያው በድሩ መሃል ሲሾልክ፣ የተበጠሰች ክር አይቶ ቆም ብሎ ሲቋጥራት፣ ጥለቱን በጣቱ ዳበስ አድርጎ ሲቀጥል እናያለን። ሙያውን መውደዱን ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ዋይዝማን ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ረጃጅም ፊልሞቹን ያለ ተራኪና ያለ ቃለ መጠይቅ የሠራው እንዲህ ነው፤ ዋጋው ግን ለሳምንታት መቅረጽ፣ ለወራት ማርትዕ ነበር።

እኔ ክትትሉን እመርጣለሁ። ጊዜ ካጠረ ደግሞ ጥያቄው እጁ ከሥራው ሳይነሳ ይቅረብለት። የደረት ማይክ አትርሱ፤ የሸማ ዕቃው ድምፅ ንግግሩን ይውጠዋል።