ከሺህ ዩሮ በላይ የወጣባት ሽጉጥና ጠማማዋ ሞላ

ስለዚህች ሽጉጥ ጥሩ ነገር ብቻ ልጽፍ ነበር ሐሳቤ። ምላጯ አመሏን እስክታሳየኝ ድረስ።

ለማያውቅ ልንገር፤ የማወራው ስለ ውድድር የአየር ሽጉጥ ነው። በ10 ሜትር ርቀት 4.5 ሚሊ ሜትር የእርሳስ ጥይት የሚተኮስባት ናት። የምኖረው ጀርመን ነው። እዚህ ኃይሏ ከ7.5 ጁል የማይበልጥና ባለ አምስት ማዕዘኑ የኤፍ ምልክት ያለባት ከሆነች፣ 18 ዓመት የሞላው ሰው ያለ ፈቃድ ይገዛታል። አዲስ አበባ ስደውል ግን ወሬውን አላነሳም። "ሽጉጥ ገዛሁ" ብሎ ለእናት ማስረዳት ቀላል አይደለም።

አፈሙዟ ልክ ነው፣ እጀታዋ እጄን ለምዶታል። በ200 ባር ግፊት አየር የተሞላው ሲሊንደር የአንድ ውድድር 60 ጥይት ጨርሶም ይተርፈዋል። በዚህ በኩል አቤቱታ የለኝም።

ምላጯ ግን! ሁለት ደረጃ አላት። መጀመሪያ በቀላሉ ትሳባለች፣ ከዚያ ቆም ትላለች፤ ትንሽ ሲጨመርባት ትለቃለች። ያቺ "ቆም" የምትልበት ቦታ ናት ገንዘብ የሚያስወጣችው። ጣትህ ቦታዋን ካላመናት ዓይንህ ከዒላማው ይሸሻል።

ከወራት በኋላ ቦታዋ መዋዠቅ ጀመረ። አንዳንዴ ምላጯ ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት አትመለስም። አንዳንዴ ቆም ሳትል ታልፋለች። በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ሕግ የአየር ሽጉጥ ምላጭ ቢያንስ 500 ግራም መሸከም አለበት። ፍተሻው ቀላል ነው፦ አፈሙዙ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይዞራል፣ ክብደቱ ምላጩ ላይ ይንጠለጠላል፣ ሽጉጧ ሳትለቅ ከጠረጴዛው ካነሳችው ታልፋለች። ሙከራው ከሦስት አይበልጥም። የእኔዋ አንዴ ታነሳለች፣ አንዴ ቷ ትላለች።

የሸጠልኝ ሰው ዘንድ ደወልኩ። መልሱ አጭር ነበር፦ "የምላጩን ክብደት ማስተካከያ ቡሎን ትንሽ አጥብቀው።"

ወንድሜ፣ እኔ ቀለለብኝ አላልኩም እኮ! ተለዋወጠብኝ ነው ያልኩት። ቡሎኑን ካጠበኩት ፍተሻውን ላልፍ እችላለሁ፤ ምላጯ ግን ያው መዋዠቋን ትቀጥላለች፣ በዚያ ላይ ትከብዳለች። ስትሸጥልኝ ስለ እጀታው እንጨት ስታወራ የዋልከው ሰውዬ፣ ስለ ምላጩ ሲሆን አንድ ዓረፍተ ነገር?

ፍንጩን ያገኘሁት ሽጉጧን በጎኗ አስተኝቼ ምላጯን ስሞክር ነው። በግራ ስትተኛ ምላጯ ደህና ትመለሳለች፣ በቀኝ ስትተኛ ትያዛለች። ቆሻሻ ወይም የደረቀ ግሪስ ቢሆን ጎን መርጦ አይዝም። የሆነ ነገር ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል ማለት ነው።

ጥይት አለመኖሩን አየሁ፣ ሲሊንደሩን ፈታሁ፣ እጀታውን አወጣሁ። በስልክ መብራት ሳየው የመጀመሪያውን ደረጃ የምትገፋው ሞላ ታችኛዋ ጫፍ ከመቀመጫዋ ወጥታለች። ጠምማ የሞላ ማስገቢያውን ግድግዳ ተደግፋለች። ግድግዳው ላይ የታከከችበት ቦታ ያብረቀርቃል።

ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። የጠመመች ሞላ ጉልበቷ ሁሉ ምላጩ ላይ አያርፍም፤ ከፊሉ ግድግዳ በመታከክ ያልቃል። ፍትጊያው ሲይዛት 500 ግራሙን ትሸከማለች፣ ሲለቃት ትጥላለች። በቡሎን የሚድን በሽታ አይደለም።

መፍትሔው ያናድዳል፣ በጣም ቀላል ስለሆነ። ቡሎኑን ሞላዋ እስክትላላ ድረስ ፈታሁት፣ ስንት ዙር እንደሆነ ጽፌ። ጫፏን በስቲኪኒ ገፋ አድርጌ መቀመጫዋ ውስጥ ከተትኳት፤ ወረንጦ ብረት ስለሆነ ይቧጭራል። ከዚያ ያንኑ ዙር መልሼ አጠበኩ። ዘይት አላበዛሁም፣ ምክንያቱም ዘይት ብናኝ ይሰበስባል፤ ብናኝ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

አሁን ክብደቱን በፈለግኩት ጊዜ ታነሳለች። በግራም በቀኝም ብትተኛ ያው ናት። ያቺ "ቆም" የምትልበት ቦታም ተመልሳለች፤ እውነቱን ለመናገር ከአዲስነቷም ይልቅ አሁን ጥርት ብላ ትሰማኛለች። ምናልባት ከፋብሪካ ስትወጣም በቅጡ አልተቀመጠች ይሆናል።

እና ትገዛ ወይ? ባለፈው ሳምንት ብትጠይቁኝ "ገንዘባችሁን አስቀምጡ" እል ነበር። ዛሬ ግን አልሸጣትም፣ ለማንም። ለመግዛት የምታስቡ ግን ከሱቁ ሳትወጡ በጎኗ አስተኝታችሁ ምላጯን ሞክሩ። ሻጩ ፊቱን ቢያጨማድድም ያጨማድድ።

ለክፉ ቀን ትርፍ ሞላ አዝዣለሁ። የመላኪያው ዋጋ ከሞላዋ ይበልጣል።