ሽማግሌ የላቸውም እንዴ?

እሁድ ከሰዓት ነው። ደሴ ላይ ዝናቡ አላባራ ብሏል፣ ጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቧል። ባጃጄን አቁሜ ቤት ገባሁ። እማዬ ቡና ታፈላለች፣ ጎረቤታችን እትዬም መጥተዋል። ላፕቶፑን ከፍቼ ፍላሼን ሰካሁ። ከተጫኑልኝ ፊልሞች መሃል «አቬንጅመንት» የሚል አለ። ስኮት አድኪንስ እንዳለበት ሳይ ሌላ መምረጥ አላስፈለገኝም።

ስሙን ለማታውቁት፣ «አንዲስፒዩትድ» በሚሉት የድብድብ ፊልሞች ላይ ቦይካን ሆኖ የሚሠራው ነው በቃ። እኔ ያወቅኩት ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብቄ ነው። «አንዲስፒዩትድ» ሁለት እ.ኤ.አ. በ2006፣ ሦስት ደግሞ በ2010 ወጡ። ሁለቱም የእስር ቤት ናቸው። አይተን ስንወጣ የሰፈር ልጅ ሁሉ አየር ላይ እየተሽከረከረ ይራገጣል። አንዱ ጓደኛችን ክንዱ ተሰብሮ ወጌሻ ቤት ከርሟል። አሁንም ያንን ዝላይ ጠብቄ ነበር የተቀመጥኩት። ዝላይ የለም። እዚህ ሰውየው መሬት ላይ ነው የሚደባደበው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. የ2019 የእንግሊዞች ሥራ ነው። ዳይሬክተሩ ጄሲ ቪ. ጆንሰን ይባላል። ኬን በርጀስ ተፋላሚ ነው። ብር ይቸግረውና ወንድሙን ሊንከንን ይጠይቃል። ሊንከን የወሮበላ አለቃ ነው፣ ብሩን ዝም ብሎ አይሰጥም። ከአንዲት ሴት ቦርሳ ነጥቀህ ና ይለዋል። ሴትየዋ በዚያው ትሞታለች። ኬን ቤልማርሽ እስር ቤት ይገባል። እዚያ ደግሞ እሱን ለገደለ ብር አለ ተብሏል። ማን እንዳስባለ ፊልሙ ቀስ ብሎ ነው የሚያወጣው፣ እናንተ ግን ቀድማችሁት ትደርሳላችሁ።

እስር ቤቱ ውስጥ ያለው ድብድብ የዋዛ አይደለም። ኮሪደሩ ጠባብ ነው። ቦታ ስለሌለ ሰው ከግድግዳ ጋር ይላተማል፣ ይደክማል፣ ትንፋሹ ይሰማል። ኬን መጀመሪያ ላይ ይደበደባል፣ ኋላ ላይ ይደበድባል። ለውጡን ፊቱ ላይ ማየት ትችላላችሁ፤ ጠባሳው በየጊዜው ይጨምራል። ጥርሶቹ የብረት ናቸው። የራሱ ጥርስ እንዴት እንደረገፈ ያሳያሉ፣ እኔ አልነግራችሁም። እትዬ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው «አለፈ?» ሲሉኝ ነበር። ፍርፍር እየበላችሁ እንዳታዩት። ልጆች ካሉማ ጭራሽ አትክፈቱት።

እማዬ እስከዚህ ድረስ ጀበናዋን እንጂ ፊልሙን አላየችም። ኬን በጠባቂ ታጅቦ የታመመች እናቱን ሊያይ ሆስፒታል ሲሄድ ግን ቀና አለች። ሲደርስ እናቱ አርፋለች።

«ያ ረቢ! ማን ነው ስሙ ይሄ ልጅ?»

«ኬን። ቃየል ማለት ነው።»

«ቃቢል በለኛ!» አለች።

«ቃየል ነው እንጂ» አሉ እትዬ። ቶናው እስኪቀዳ ተከራከሩ። ከዚያ እማዬ ዋናውን ጥያቄ አመጣች፦ «ሽማግሌ የላቸውም እንዴ?»

ሳቅኩ። እሷ ግን የምሯን ነው። አያቴ ከአበጋሮች፣ ከአስታራቂ ሽማግሌዎቹ ጋር፣ ሲቀመጥ እያየች ነው ያደገችው። እዚህ ወሎ ነፍስ የጠፋበት ጠብ እንኳ አበጋር ይገባበታል። ገዳይና የሟች ወገን ሳይተያዩ በመሃል እየተመላለሱ፣ ካሳ ተቆርጦ፣ ደሙ እስኪደርቅ ይለፋሉ። እና ከእሷ ጥያቄ በኋላ ፊልሙን ሌላ ዓይነት አየሁት። ኬን ከጠባቂዎቹ ያመልጥና ጠመንጃ ይዞ የወንድሙ ሰዎች የሚጠጡበት ቤት ይገባል። ማንም አይወጣም። ሁሉም ተቀምጦ የደረሰበትን ከሥሩ ጀምሮ እንዲሰማው ያደርጋል። ሽምግልና ነው እኮ! ሽማግሌው ጠመንጃው ሆነ እንጂ።

ለእኔ የፊልሙ ምርጥ ነገር ይሄ ወሬ ነው፣ ከቡጢውም በላይ። አድኪንስ እንዲህ ማውራት እንደሚችል አላውቅም ነበር። ድምፁን ጎርነን አድርጎ፣ እያሾፈ፣ ያ ብረት ጥርስ ብልጭ እያለ። ወንድምየውን የሚሠራው ክሬግ ፌርብራስም በቁመናው ብቻ ያስፈራል።

የማይመቸውን ልንገራችሁ። ወሬው ቆም፣ ወደ ኋላ መለስ፣ ድብድብ፣ እንደገና ወሬ። ሦስተኛው ላይ ሰለቸኝ። መጠጥ ቤቱ ውስጥ ያሉት ወሮበሎች ብዙ ናቸው፣ አንዱን ከሌላው መለየት ይከብዳል። የለንደን አራዳ ቋንቋቸው ደግሞ ያለ ጽሑፍ አይገባም። ደግነቱ ፊልሙ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ከአሥር ሰባት ተኩል ሰጥቼዋለሁ። ግማሿ ለጥርሱ ናት።

መጠጥ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ለመጨረሻው ድብድብ ሲነሳ መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ዓመት አልፎታል። በጨለማው በረካውን ጠጥተን ተበተንን።

ሰኞ ማታ ብቻዬን ልጨርሰው ተቀመጥኩ። እማዬ ከጓዳ ሆና «ታረቁ?» አለችኝ።

ድምፁን ቀነስኩት።