ጂኦካሺንግ በሰሜን ሸዋ፦ ሣጥን መደበቅ ወይስ ኧርዝካሽ?

ጂኦካሺንግ ሌላ ሰው ያዘጋጀውን ቦታ በጂፒኤስ ፈልጎ የማግኘት ጨዋታ ነው፤ ፈላጊው የተደበቀ ሣጥን ከፍቶ ስሙን ይጽፋል፣ ወይም ሣጥን በሌለበት ‘ኧርዝካሽ’ ስለ መሬቱ የቀረበለትን ጥያቄ ይመልሳል። ጣርማ በር ላይ ጭጋጉ ሲገለጥ የሚታየውን ገደል ለሌላው ዓለም ፈላጊ ላሳይ ብዬ ሁለቱን አመዛዘንኩ።

ወጪ፦ ሣጥኑ ውኃ የማያስገባ ዕቃ፣ ደብተርና እርሳስ ይፈልጋል። ለኧርዝካሽ ጂፒኤስ ያለው ስልክ ይበቃል።

ሥጋት፦ ልዩነቱ የሚሰፋው እዚህ ነው። ድንጋይ ሥር የተቀመጠውን ዕቃ እረኛ ልጅ ያገኘዋል፤ ቢወስደውም አይፈረድበትም። የክረምቱ ዝናብ ደብተሩን ያበሰብሰዋል። መንዝ ጓሳን በመሰለ ጥብቅ ስፍራ ደግሞ ያለ ፈቃድ ዕቃ መተው ነውር ነው። ኧርዝካሽ ምንም አያስቀምጥም።

ድካም፦ ኧርዝካሽ ስለ መሬቱ ጥያቄ ማዘጋጀት ይጠይቃል፦ የእሳተ ገሞራው ዓለት ቀለሙ ምን ይመስላል? ንብርብሩስ? ጎብኚው አይቶ መልሱን ይልካል።

ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ዕቃውን በየጊዜው የሚያይ ሰው ካለ፣ በተለይ ለልጆች፣ ሣጥን ይሻላል፤ ከፍቶ ስምን መጻፍ ትልቅ ደስታ ነው። ለገደሉ ግን ኧርዝካሽን እመርጣለሁ።