ለወንድሜ ሃይሉክስ ጎማ ፍለጋ፦ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ

በምኖርበት በሞንትሪያል ጎማ መቀየር እንደ ግብር የሚለመድ ግዴታ ነው፤ የኩቤክ ሕግ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ድረስ የበረዶ ጎማ ያልተገጠመለት የቤት መኪና በመንገድ ላይ እንዲሄድ አይፈቅድም። ስለዚህ በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ወደ ደሴ ስመጣና ወንድሜ ከኩታበር ማዶ ወዳለው እርሻው የሚመላለስበትን ሃይሉክስ አራቱንም ጎማ በስጦታ ልቀይርለት ስነሣ፣ ስለ ጎማ ከበቂ በላይ የማውቅ መስሎኝ ነበር። በዚያ ሳምንት የተገለገልኩት በኮምቦልቻ በሁለት የጎማ መሸጫዎች፣ በደሴ ደግሞ በአንድ ጎሚስታ ዘንድ ነው፤ ያየሁትን እንዳለ እጽፋለሁ።

አስቀድሞ መኪናው የሚሄድበትን መንገድ መናገር ያስፈልጋል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ መንገድ አስፋልት ቢሆንም፣ በሐምሌ ጉሙ ከወረደበት ዝናቡም ካራሰው በየጠመዝማዛው ፍሬን የሚያስይዝ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ከአስፋልቱ ሲወጣ ኮረኮንች ይከተላል፤ ከኮረኮንቹ ቀጥሎ ደግሞ ዋልካ አለ፣ እሱም ሲረጥብ በጎማው ጥርስ መካከል ገብቶ እንደ ሊጥ የሚለጠፍ አፈር ነው። አንድ ጎማ ለሦስቱም እኩል ሊመች አይችልም፤ ጥያቄው ከየትኛው ምን ያህል መተው ይቻላል የሚለው ነው።

የመጀመሪያው መሸጫ ከውጭ የመጡ ያገለገሉ ጎማዎችን ይሸጣል። ሻጩ ትሁት ነበር፤ ወንበር አቀረበልን፣ ከዚያም አንዱን ጎማ እያዞረ፣ «ጋሼ፣ ይሄ የክረምት ጎማ ነው፣ ምልክቱን ይዩት» አለኝ። ምልክቱ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ሆኖ በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ሲሆን፣ እኔም በየዓመቱ የምፈልገው እሱኑ ስለነበር ደስ አለኝ። ደስታዬ ከአፍታ አላለፈም። ያ ምልክት ጎማው በታመቀ በረዶ ላይ ተፈትኖ ማለፉን እንጂ በጭቃ ላይ ስላለው ብቃት ምንም አይናገርም፤ የኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው፣ የነሱ ክረምት በረዶ ነው። የለየለት የበረዶ ጎማ የሚሠራበት ላስቲክ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሲወርድ እንዳይደርቅ ተብሎ ለስላሳ የተደረገ ስለሆነ፣ እንደ ኮምቦልቻ ባለ ሞቃት ከተማ አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል፣ ስለታም ድንጋይም በቀላሉ ይቆርጠዋል። ምልክቱ ለሁሉም መንገድ በተሠሩ አንዳንድ ጎማዎች ላይም ይገኛል፣ በእነሱ ላይ መኖሩ ጉዳት የለውም፤ ለደሴ ሰው ግን ገንዘብ የሚጨመርበት ምክንያት አይደለም። «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ጭቃና በረዶ ማለት ቢሆንም አምራቹ ያለ ፈተና ሊያትመው የሚችለው ነው።

ከዚህ የባሰው የተሠራበት ዘመን ነበር። በጎማው ጎን ላይ ዲ.ኦ.ቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ በኋላ ከሚታዩት አኃዞች የመጨረሻዎቹ አራቱ 2816 ይላሉ፤ በ28ኛው ሳምንት፣ በ2016 የተሠራ ማለት ነው። ወንድሜ ይህን ስነግረው፣ «ታዲያ ያለፈው ዓመት አይደል እንዴ?» አለኝ፤ ሻጩም ዝም አለ። 2016 የተባለው በፈረንጆች ነውና ጎማው ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል፣ ጥርሱም ያላለቀው ሳይነዳበት ስለቆየ ይመስላል፤ ላስቲክ ግን ቆሞም ያረጃል፣ በጎኑ በኩል ቀጫጭን ስንጥቆች ጀምረውታል። ሻጩ አውቆ ዝም ይበል ሳያውቅ አልፈርድም፤ የጠየቀን ዋጋ ግን የአዲሱን ግማሽ ያህል ነበርና ለዘጠኝ ዓመት ጎማ ብዙ ነው።

ሁለተኛው መሸጫ አዲስ ጎማ ብቻ ይይዛል፣ ጎማዎቹንም ከፀሐይ ጠብቆ በቤት ውስጥ አቁሞ አስቀምጧል። ለ265/65 አር 17 ልክ ሁለት ዓይነት አሳዩን፤ አንዱ ጥርሱ ሰፋፊ የሆነ የጭቃ ጎማ፣ ሌላው ለሁሉም መንገድ የሚሆን። የጭቃው ጎማ ዋልካውን እየወረወረ ራሱን ያጸዳል፣ ነገር ግን በአስፋልት ላይ ይጮኻል፣ በረጠበ መንገድም ፍሬን ሲያዝ የመቆሚያ ርቀቱ ከሌላው ይረዝማል። ሐረጎን በየሳምንቱ ለሚወርድ ሰው ይህ ወሳኝ ስለሆነ ሁለተኛውን መረጥን፣ ያውም ጎኑ ጠንካራ የሆነውን ባለ 10 ፕላዩን (ፕላይ የጎማው የጥንካሬ ደረጃ ነው)። የጭነት ቁጥሩ 120 ነው፤ አንዱ ጎማ 1,400 ኪሎ ግራም ይችላል ማለት ነው። ባዶ መኪና ላይ ትንሽ ያንገጫግጫል፤ ወንድሜ ግን ባዶውን የሚሄደው አልፎ አልፎ ነው። የማማርረው ደረሰኙ ላይ የምርት ጊዜውን እንዲጽፉልኝ ብጠይቅ «አልተለመደም» መባሌን ነው። አራቱንም በስልኬ ፎቶ አነሣኋቸው።

ደሴ ጎሚስታው ዘንድ የደረስነው ዓርብ ስለነበር የጁምዓ ሶላት እስኪያልቅ ጠበቅን። ባለሙያው ሽማግሌ ናቸው፣ መሣሪያቸውም ሁለት የብረት ፈልፈያ፣ መዶሻና የሳሙና ውኃ ነው፤ ግን በሞንትሪያል በማሽን ሲሠሩ ከማያቸው ወጣቶች የበለጠ ጥንቃቄ አየሁባቸው። ቸርኬውን በብረት ብሩሽ ፈትገው አጸዱ፣ ንፋስ ማስገቢያዎቹን በአዲስ ቀየሩ፣ ብሎኖቹንም በዙር ሳይሆን በመስቀለኛ አጠበቁ። «50 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ይመለሱ፣ ይላላል» አሉኝ። ባላንስ የሚያደርጉበት መሣሪያ የላቸውም፤ ለዚያ በማግስቱ ወደ ኮምቦልቻ ወርደን ሌላ ቤት አሠራን፣ እዚያ ለማመጣጠኛ ቸርኬው ላይ የተለጠፈው የእርሳስ ክብደት በሁለት ቀን ወድቆ መሪው በ80 መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ከሥራዎቹ ሁሉ የከፋው ይህ ነው።

ወደ እርሻው ስንሄድ ዋልካው ላይ ንፋሱን ከ35 ወደ 25 ፒ.ኤስ.አይ ዝቅ አደረግን፤ ጎማው ተንጣሎ መሬቱን በሰፊው ሲይዝ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። ይህን የሚያደርግ ሰው ወደ አስፋልት ሳይመለስ ንፋሱን መልሶ የሚሞላበት ትንሽ ኮምፕሬሰር ሊይዝ ይገባዋል። ቢሆንም ከእርሻው በር ላይ ጥርሱ በጭቃ ተሞልቶ መኪናው ቆመ፣ ጎረቤቶች ገፍተው አወጡን፤ የጭቃውን ጎማ ብንገዛ ኖሮ ምናልባት ባልቆምን ነበር።

ስንመለስ ጎሚስታው ዘንድ ጎራ አልን። ከሃያ አራቱ ብሎኖች ሦስቱ ላልተው ሲጠብቁ ሩብ ዙር ያህል ዞሩ፤ ሽማግሌው ለዚህ ገንዘብ አልቀበልም ብለው መፍቻቸውን ጠርገው አስቀመጡ።