ሰዎቹ አላስቸገሩኝም፤ ያስቸገሩን ዕቃዎቹ ናቸው

ለሦስት ሳምንት ሀገር ቤት ቆይቼ ተመለስኩ። ከመሄዴ በፊት ስንቱ ሰው "አገልግሎቱ ያማርርሻል፣ ትዕግስት ይዘሽ ሂጂ" ብሎኝ ነበር። የገጠመኝ ግን ሌላ ነው። ያገለገሉኝ ሰዎች ሥራቸውን የሚያውቁ፣ ፊታቸው የማይጠቁር ሰዎች ናቸው። ያስቸገረን በእጃቸው ያለው ዕቃ ነው፤ እነሱንም እኔንም። ስለዚህ ሰዎቹን አመሰግናለሁ፣ ዕቃውን የሠሩትን ደግሞ እወቅሳለሁ።

ከኪራይ መኪናው ልጀምር። ታጥቦ፣ ነዳጁ ሞልቶ፣ ወረቀቱ ተዘጋጅቶ ነው የጠበቀኝ። ያስረከበኝ ልጅ ዙሪያውን አብሮኝ እየዞረ ጭረቱን ሁሉ አሳየኝ፣ "በስልክሽ አንሺው፣ በኋላ እንዳንጨቃጨቅ" አለኝ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ደስ ይላል። መኪናው አዲስ ሞዴል ነው። ውስጡ ስገባ መሃል ላይ ትልቅ ስክሪን ተገትሯል፤ የሚጫን በተን ግን ፈልጌ አጣሁ።

በሁለተኛው ቀን መንገድ ላይ ዝናብ ያዘን። እናቴ ከጎኔ፣ የእህቴ ልጆች ከኋላ። የአምስት ሰው ትንፋሽ መስታወቱን ወዲያው ጉም አለበሰው። ድሮ ቢሆን መንገዱን እያየሁ እጄን እዘረጋና አንዷን ማዞሪያ አዞራለሁ፣ አለቀ። አሁን ግን ስክሪኑን መንካት፣ የመኪና ምልክቱን መፈለግ፣ ከዚያ የአየሩን ገጽ መክፈት፣ ከዚያ ከስድስት ትናንሽ ምልክቶች ትክክለኛውን መለየት። መኪናው ሲነጥር ጣቴ ሬዲዮው ላይ አረፈ። ሬዲዮው ጮኸ፣ ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ። እናቴ "ልጄ፣ በናትሽ ቁሚ" አለች። ፍሬቻ አብርቼ ዳር ያዝኩ። መስታወቱን በመሐረብ ጠረገችልኝ። ልቤ እስኪረጋጋ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

በተንን ጣት ያውቀዋል። ስክሪን ግን ዓይን ይፈልጋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሦስት ሰከንድ 50 ሜትር ይጓዛል። ሦስት ሰከንድ ስክሪን ላይ ካፈጠጥሽ ያንን 50 ሜትር የነዳሽው ሳታዪ ነው። የአውሮፓው የመኪና ደህንነት ፈታሽ ዩሮ ኤንካፕ ነገሩ አሳስቦት፣ እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ከፍተኛውን ነጥብ የሚፈልግ መኪና ለፍሬቻ፣ ለአደጋ መብራት፣ ለክላክስ፣ ለዝናብ መጥረጊያና ለድንገተኛ ጥሪ በእጅ የሚዳሰስ መቆጣጠሪያ እንዲኖረው ጠይቋል። ጥሩ ነው። ያን ቀን ለኔ ግን ከሁሉም የሚቀድመው የጉም ማጥፊያው ነበር።

ቀጥሎ ባንክ። የምኖርበት አገር ያለው ባንኬ ገንዘብ ሳንቀሳቅስ የማረጋገጫ ኮድ በጽሑፍ መልእክት ይልካል። እኔ ደግሞ እንደደረስኩ አሮጌውን ሲም አውጥቼ የሀገር ቤት ሲም አስገብቻለሁ። ኮዱ ቦርሳዬ ውስጥ ወዳለው ሲም ይሄዳል ማለት ነው። በመተግበሪያው ስጽፍላቸው የሚመልሰው ሮቦት ነው። "ጥያቄዎን ተረድቻለሁ" ይላል፣ መልሶ ያንኑ ገጽ ይልክልኛል። ደወልኩ፣ ሙዚቃ እየሰማሁ 40 ደቂቃ ጠበቅኩ። በመጨረሻ ሰው አነሳ። ቁጥሬን ለመቀየር ምን ላድርግ ስላት "በአሮጌው ቁጥርዎ ኮድ እንልክልዎታለን" አለችኝ። በልጅቷ አልፈርድም፤ የተሰጣት ጽሑፍ ያ ነው። ግን ይህን አሠራር ያወጣው ሰው አንድ ቀን እንኳ ከቤቱ ርቆ ያውቅ ይሆን?

መፍትሔውን ያገኘሁት ሲም ከገዛሁበት ሱቅ ነው። ሻጯ ስልኬን ገልበጥ አድርጋ አየችው። "ይሄ እኮ ኢ-ሲም ይቀበላል፤ ካርድ የሌለው፣ ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም ማለት ነው። አሮጌውን መልሰሽ አስገቢ፣ የኛን በኢ-ሲም ላድርግልሽ" አለች። አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። የአሮጌው ቁጥር ሮሚንግ ክፍት ስለነበረ ኮዱ እዚያው ቆሜ ገባ። እናንተም ከመጓዛችሁ በፊት ባንካችሁ የሚፈቅድ ከሆነ ወደ ማረጋገጫ መተግበሪያ ቀይሩ። በየ30 ሰከንዱ አዲስ ባለስድስት አኃዝ ቁጥር ስልኩ ራሱ ያወጣል፤ ሲምም ኔትወርክም አይፈልግም።

አሁን ወደ አባቴ መኪና ልምጣ፤ ሆዴን የበላው እሱ ነው። መኪናዋ ሌላ አገር አገልግላ የመጣች ናት። ዳሽቦርዷ ላይ ቢጫዋ የሞተር መብራት ከበራች ወር አልፏታል። አባዬ "እሷን እያየሁ መንዳት ሰላም ነሳኝ" አለኝ። አብረን ወደ ጋራዥ ሄድን።

የመጀመሪያው ጋራዥ ኮምፒውተር ሰካ፣ "ፒ 0171" የሚል ኮድ አወጣ። "ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል፣ ይቀየር" ተባልን። ኮዱ ግን እንደዚያ አይልም። የሚለው ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ከነዳጁ አንፃር በዝቷል ነው። በየት በኩል እንደበዛ አይነግርም። ያንን ማግኘት የሰው ሥራ ነው። ሴንሰሩም ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። አባዬ "ቆይ፣ አንድ ሰው ላማክር" ብሎ የድሮ መካኒኩ ጋ ወሰደኝ።

ሰውየው ኮፈኑን ከፈተ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ከዚያ "እስቲ አንዴ ዝም በሉ" አለን። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ። እኔ የሞተር ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት። እሱ ግን እጁን ከሥር አስገብቶ ጣት የምታህል ጥቁር የጎማ ቱቦ ያዘ፣ ጫፏን ጫን አደረጋት። ያኔ ነው የገባኝ፤ አንድ ቀጭን ፉጨት ነበረ፣ እሱ ሲይዛት ጠፋ። ቱቦዋ ከሙቀት ብዛት ደርቃ ማሰሪያዋ ሥር ተሰንጥቃለች፤ ትርፉ አየር የሚገባው በዚያ ነበር። ሞተሩን አጥፍቶ በካቻቢቴ ማሰሪያውን አላላ፣ የተሰነጠቀውን ጫፍ በምላጭ ቆረጠው፣ የቀረው ይደርስ እንደሆነ ለካ። ደረሰ። መልሶ አስገብቶ አጠበቀው። ሞተሩ ሲነሳ መንቀጥቀጡ ራሱ ቀንሷል። አባዬ ምንም አልተናገረም፤ የሰውየውን ትከሻ ብቻ መታ መታ አደረገ።

የቀረው ኮዱን ማጥፋት ነው። መካኒኩ የራሱ መመርመሪያ አለው፣ በውድ የገዛው። ሲሰካው ግን "የዓመት ፈቃድዎ አልቋል፣ ያድሱ" ይላል። ዕቃው ሙሉ ጤነኛ ነው፤ የሠራው ድርጅት ከሩቅ ቆልፎበታል። እንዲህ ያለ ሰው፣ በጆሮው ብቻ በሽታውን ያገኘ ሰው፣ በገዛ መሣሪያው "ክፈል" ሲባል ማየት በጣም አናደደኝ። ከጎረቤት ጋራዥ ክብሪት ሳጥን የምታህል ርካሽ የኮድ አንባቢ ተውሶ መሪው ሥር ሰካት፤ መብራቷ ጠፋች።

ያቺ ርካሽ አንባቢ መሥራት የቻለችው በምክንያት ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ የሚሸጥ ቀላል መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት ባለ 16 ፒን መሰኪያና የጋራ ኮድ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። አውሮፓም ከ2001 ጀምሮ ለቤንዚን መኪኖች ተከተለች። የሚያስገድድ ሕግ ስለነበረ መሰኪያው ለሁሉም ክፍት ሆነ። ካልተገደዱ ግን የመኪና ኩባንያዎች ብዙ ነገር ይዘጋሉ። ቢኤምደብሊው በ2022 በአንዳንድ አገሮች መኪናው ውስጥ አስቀድሞ የተገጠመውን የወንበር ማሞቂያ በየወሩ እያስከፈለ መክፈት ጀምሮ ነበር። ሰው ተቆጣ፣ በ2023 ተወው።

የአባዬ መኪና የጎማ አየር ማስጠንቀቂያ መብራት ግን እስካሁን እንደበራች ነው። እያንዳንዱ ጎማ ውስጥ አየሩን ለክቶ በሬዲዮ የሚልክ ትንሽ ሴንሰር አለ። ባትሪው ውስጡ የታሸገ ነው፤ ሲያልቅ ሴንሰሩ በሙሉ ይቀየራል። አባዬ አራት አዲስ ገዝቶ አስገጥሟል። ጎሚስታው ማሸጊያውን አገላብጦ ካነበበ በኋላ እውነቱን ነገረን፦ "ሴንሰሩ ይሠራል፣ መኪናዋ ግን አትሰማውም።" መኪናዋ ለሰሜን አሜሪካ የተሠራች ናት፣ በ315 ሜጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ የሚላክ መልእክት ትጠብቃለች። የተገዛው የአውሮፓው ነው፣ በ433 ይልካል። ሌላ ልሽጥላችሁ ማለት ይችል ነበር። "በየሁለት ሳምንቱ ኑ፣ በእጅ እለካላችኋለሁ" አለን።

ስልክ ጠጋኙም መመስገን አለበት። የወንድሜን ባትሪ ከዚያው ሞዴል በወጣ ኦሪጅናል ቀየረለት፣ ስልኩም ቀኑን ሙሉ ይውላል። ሆኖም ስልኩ "ያልታወቀ ዕቃ" የሚል ማሳሰቢያ ያወጣል፣ የባትሪውንም ጤንነት አላሳይም ይላል። ወንድሜ የተጭበረበረ መስሎት ነበር። ጠጋኙ አላጭበረበረም፤ አምራቹ ነው ዕቃን ከዕቃ በሶፍትዌር ያሰረው፣ ስልኩ አብሮት የወጣውን ባትሪ ብቻ እንዲያውቅ። የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት በ2024 ይህን ማሰር የሚከለክል ሕግ አውጥታለች። በየቦታው ቢወጣ ምንኛ ደስ ባለኝ።

በመጨረሻው ቀን ኪራዩን መኪና ስመልስ ያው ልጅ ተቀበለኝ። "እንዴት ነበር?" ሲለኝ የዝናቡን ነገር ነገርኩት። "እስቲ አሳዪኝ" ብሎ ገባ። እሱም እየፈለገ ቆየ። ስናገኘው ማጣበቂያ ወረቀት አወጣና "ጉም ለማጥፋት፦ መኪና፣ አየር፣ ሦስተኛው ምልክት" ብሎ ጻፈ። ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጠፈው። ከዚያ አጠገቡ ወደቆመው ተመሳሳይ መኪና ሄዶ ሁለተኛ ወረቀት መጻፍ ጀመረ።